የጌታቸውን መቃብር ፍለጋ ወደ ኦሎሞውትስ

ከዳላስ የተነሣነው በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔና ልጄ ሩት። ለሽርሽር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው በደርግ ጊዜ ሕክምና ሊማር ቼኮዝሎቫኪያ ሄዶ፣ በአራተኛ ዓመቱ በሳንባ ምች ሞቶ እዚያው ቀርቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ከቤተሰባችን መቃብሩን ያየ ሰው የለም።

እናቴ እኔ ጋ ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ሰማንያ አልፏታል። የዜግነት ወረቀቴን ይዤ የገባሁ ዕለት እንኳን ደስ ያለሽ ሳትለኝ፣ "እንግዲህ ፓስፖርት ካለሽ ሂጂና ከራስጌው አንድ ጭብጥ አፈር አምጪልኝ፤ ስሞት አብሮኝ ይግባ" አለችኝ።

ስለ መቃብሩ የምናውቀው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። የጌታቸው የትምህርት ጓደኛ ጋሽ ግርማ ያኔ በደብዳቤ የላከው ነው። ግራጫ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ አንድ ክንፉ የተሰበረ መልአክ፣ ከሥሩ ጽሑፉን የሸፈነ ነጭ አበባ ይታያል። እናቴ ጧት ጧት መጀመሪያ የእመቤታችንን ሥዕል፣ ቀጥሎ ይህን ፎቶግራፍ ትሳለማለች። ከንፈሯ የሚያርፍበት ቦታ መስታወቱ ደብዝዟል።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። የፓስፖርቴን ኮፒ ሦስት ቦታ ያዝሁ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ከቤተ ክርስቲያን የገዛሁትን አምስት ጧፍ፣ ለአፈሩ ደግሞ ሁለት የሳንድዊች ላስቲክ ጨመርሁ።

"ማሚ፣ ለምን ሁለት?" አለች ሩት።

"አንዱ ቢቀደድስ?"

ፕራግ

በፍራንክፈርት አድርገን ረቡዕ ከሰዓት ፕራግ ገባን። ጋሽ ግርማ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቶ ተቀበለን። እዚያው ቀርቶ የአገሩን ሴት አግብቶ የሚኖር ሰው ነው። ለዓመታት በየበዓሉ በስልክ እናወራለን እንጂ ተያይተን አናውቅም። ቀጭን፣ ጸጉሩ የነጣ፣ ኮፍያ የማይለየው ሰው ሆኖ አገኘሁት። አቅፎኝ ብዙ ቆየ።

"ኦሎሞውትስ ሩቅ ነው፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው" አለኝ። "እዚሁ ፕራግን ላሳያችሁ። ድንጋይ አይቶ ለመመለስ ምን አደከመሽ?"

"ጋሽ ግርማ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለድንጋዩ ነው።"

ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበ።

ሩት መኪና ልትከራይ ነበር፤ የቀረቡላት ሁሉ በማርሽ የሚነዱ ሆኑ። ዳላስ ያደገ ልጅ ማርሽ ከየት ያውቃል? "ኦኬ፣ እኔ ይሄን ነገር አልነዳም" ብላ ቁልፉን መለሰች። ጋሽ ግርማ በራሱ አሮጌ ሽኮዳ መኪና ሊወስደን ተገደደ። ተገደደ ማለቴ ትክክል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወደ ኦሎሞውትስ

ሐሙስ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ዋናው አውራ ጎዳና በሲሚንቶ ሰሌዳ የተነጠፈ ነው፤ ጎማው መጋጠሚያውን ባለፈ ቁጥር ዱብ ዱብ ይላል። ፍጥነት መቁጠሪያው መቶ ሠላሳ አለ። ደንግጬ የወንበሩን ጠርዝ ያዝሁ።

"ማሚ፣ ኪሎ ሜትር ነው እኮ። ሪላክስ አድርጊ" አለችኝ ሩት። በማይል ሰማንያ መሆኑን ነገረችኝ፤ እሱም ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ግራና ቀኙ የታረሰ ማሳ ነው። ቀይ ጣሪያ ያላቸው መንደሮች በየኮረብታው ሥር ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ መሐል አንድ ሹል ቤተ ክርስቲያን አለ። እኔ የማየው አፈሩን ነበር። ጥቁር ነው፤ እርጥብ። የወንድሜም እንዲህ ይሆን እያልሁ።

መሐል መንገድ ላይ ለሻይ ቆምን። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ሳህን ይዛ ተቀምጣ አሥር ኮሩና ትቀበላለች። ሽንት ለመሽናት ስከፍል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ዳቦ አውጥቼ ለጋሽ ግርማ ቆረስሁለት፤ አልበላም።  ታሟል እንዴ ብዬ ሰጋሁ፤ መንገድ ላይ ቢወድቅብን ማን ይነዳል?

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኦሎሞውትስ ገባን። መቃብሩ ጋ ቀጥታ እንሂድ ስል፣ "መጀመሪያ ከተማውን እዩ። ጌታቸው የሚወደው አደባባይ አለ" አለኝ። ወንድሜ የሚወደውን ቦታ አላይም አይባልም።

ከተማዋ አሮጌና ውብ ናት፤ ግን በየፏፏቴው ላይ ራቁቱን የቆመ የድንጋይ ሰው አለ። ዓይኔን ወዴት ላድርግ? በአደባባዩ መሐል የሥላሴ ዓምድ ቆሟል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ቅዱሳን ብቻ፤ ቁመቱ ያዞራል። ፊት ለፊቱ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት አለ። እኩለ ቀን ላይ አሻንጉሊቶች እየዞሩ ይወጡበታል ስለተባለ ቆመን ጠበቅን። ቅዱሳን ይወጣሉ ብዬ ላማትብ እጄን አንሥቼ ነበር። የወጡት ላብ አደሮች ናቸው፤ ባለመዶሻው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ቅዱሳኑ በጦርነቱ ተሰበሩ፤ ኮሚኒስቶቹ ሲጠግኑት እነዚህን አደረጉ" አለ ጋሽ ግርማ። "ጌታቸው እያየ ይስቅ ነበር። አብዮት አደባባይ ተከትሎኝ መጣ ይላል።"

ያን ቀን የሳቅሁት እሱን ስሰማ ብቻ ነው።

ከአደባባዩ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አንዲት ባልቴት እግሬን፣ ከዚያም ፊቴን አየች።

"የሺ፣ እዚህ አይወለቅም" አለኝ ጋሽ ግርማ ቀስ ብሎ። "ይበርድሻል።"

"ቦታው የማን እንደሆነ እያወቅሁ?" አልሁት። መለስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ምሳ ካልበላችሁ አለ ደግሞ። የከተማዋ ዝነኛ አይብ ቀረበ፤ ሽታው ካልሲ ነው። ሩት ቀምሳ፣ "ኖት ባድ፣ ግን እጄን ማን ያጥብልኛል?" አለች። ስምንት ሰዓት ሆነ። እኔ ከዚያ በላይ አልቻልሁም። ተነሥቼ ኮቴን ለበስሁ።

መካነ መቃብሩ

ከከተማው ዳር ነው፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ትላልቅ ዛፎች ያሉበት። ጋሽ ግርማ በሩ ላይ ቆመ። "ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ቦታው ተለዋውጧል። ባናገኘው አትዘኑ" አለ። እኔ ግን የፎቶግራፉን ኮፒ ይዤአለሁ። ለማቋረጥ ብለን በአንድ ሰፊ ሣር መሐል አለፍን፤ ከዳር ጥቂት ጽጌረዳዎች አሉበት። ከዚያ ረድፍ በረድፍ መፈለግ ጀመርን። የቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ጥግ ዘልዬ አላውቅም።

ሩት ናት ያገኘችው። "ማሚ! መልአኩ!"

ክንፉ እንደተሰበረ ነው። ድንጋዩም ያው ግራጫው ድንጋይ ነው። ሮጥሁ። ተንበርክኬ ድንጋዩን ሳምሁት። ጧፉን ሳወጣ ሩት ትከሻዬን ያዘች።

"ማሚ፣ ቆይ። የሴት ስም ነው።"

"የምን ሴት?"

"ማሪዬ ይላል። የሞተችው ደግሞ... ማሚ፣ እሷ የሞተችው አጎቴ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ነው።"

ዞር ስል ጋሽ ግርማ ከኋላችን ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

"የሺ፣ መቃብር የለውም" አለኝ። "አስከሬኑ ተቃጥሏል። እዚህ አገር ብዙው ሰው የሚሸኘው እንዲያ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። አመዱ ተበተነ። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ለእናቱ ልጅሽ ተቃጠለ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ብዕር አንሥቼ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። ከዚያ አበባ ገዛሁና የዚችን ሴት ስም ሸፈንሁበት።"

  እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማታውቃትን ሴት ድንጋይ ስትስም ኖራለች።

"የት ነው የተበተነው?" አልሁ በመጨረሻ።

በአገጩ ወደ ኋላ አሳየኝ። አቋርጠነው የመጣነውን ሣር።

የረገጥሁት እሱን ነበር። ተመልሼ ዳሩ ላይ ደረስሁና ጫማዬን አወለቅሁ። ሣሩ ከዝናብ በኋላ ነው፤ ውኃው በወፍራሙ ካልሲዬ ውስጥ ገባ። ሩትም አወለቀች። ጋሽ ግርማ ዳር ቆሞ ቀረ። ጧፉን ነፋሱ ሁለቴ አጠፋብኝ፤ በሦስተኛው ያዘ። አምስቱም አልቀው እስኪጠፉ ቆምን። ከዚያ በፕላስቲክ ማንኪያ ከሣሩ ሥር አንድ ጭብጥ አፈር ወሰድሁ።

ማታ ፕራግ ተመለስን። ሆቴሉ በር ላይ ጋሽ ግርማ ሞተሩን አጥፍቶ፣ "ትነግሪያታለሽ?" አለኝ።

"እንጃ" አልሁት። ስሙን እንኳ አልጠራሁም።

ዳላስ

አውሮፕላኑ ውስጥ የሚሰጠው ፎርም አፈር ይዘሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሩት ተርጉማልኝ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኖ በዪ። ማን ያያል?" አለችኝ። ያን ሁሉ ውሸት ካየሁ በኋላ እጄ እሺ አላለኝም። አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሠራተኛው ወጣት ነበር፤ ሩት ጉዳዩን አስረዳችው። አዳመጣትና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ላስቲኩን ወሰደው። ሕጉ ነው። የያዝሁት ሁለተኛ ላስቲክ ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ቤት ስንገባ እናቴ ነጭ ለብሳ በሩን ከፍታ ቆማለች። መንገድ ላይ የምላትን አጥንቼ ነበር፤ መቃብሩ ደህና ነው፣ አፈሩን ግን ወሰዱብኝ። አልጋው ላይ ሻንጣውን ስከፍት የላይኛው ኪስ ውስጥ ጥቁሩ ካልሲዬ ወጣ። መኪና ውስጥ አውልቄ፣ ሆቴል ስገባ እዚያ ወሽቄው ረስቼዋለሁ። ሶሉ ላይ ጭቃው ደርቋል፤ ሣርም ተጣብቆበታል። ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋት።

ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ይዤ ነበር። አልወደቀችም። 

"ሣሩ ዛፍ አለው?"

"አለው፣ እማዬ።"

"ያች ሴት ስሟ ማን ነው?"

"ማሪዬ" አለች ሩት።

ፎቶግራፉን ላወርደው ስነሣ፣ "ተዪያት" አለችኝ። "ሃያ ሁለት ዓመት ጸለይሁላት፤ አሁን ባወርዳት ምን ትለኛለች?" ካልሲውን ከእጄ ወስዳ መገነዣዋ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ጋር አስቀመጠችው። "እንዳታጥቢው።"

ሰው ይደነግጣል ብዬ ስንት ነገር እንደደበቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ክፉ ወሬ ሲመጣ አብስዬ የማቀርብ ነኝ። ከዚህ መንገድ ያመጣሁት ትምህርት፣ ሰው ከምንገምተው በላይ መሸከም መቻሉን ነው። ለጋሽ ግርማ ግን ልቤ ገና አልተፈታም ነበር።

"ግርማን ደውሉልኝ" አለች እናቴ።

ሩት ደወለችላት። እኔ ትረግመዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሿን ሰብስባ፣ "ግርማዬ፣ ያን ቀን ብርድ ነበር?" አለችው። አዳመጠች። "ብቻህን ነበርህ?" ደግሞ አዳመጠች። "ካፖርትስ ነበረህ፣ ልጄ?"

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሲያለቅስ እስከ እኔ ተሰማ።