ከኮሪደሩ ማዶ የመጣው የጠርሙስ ድምፅ

የታሰርኩባት ክፍል ሽኩና ጊሜል ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን መታጠቢያ ብዙም አትሰፋም። የሲሚንቶ መደብ፣ ስስ ፍራሽ፣ የበረኪና ሽታ። ፖሊስ ለደበደበው የጎረቤታችን ልጅ ፍትሕ እንጠይቅ ብለን ሰልፍ በወጣንበት ቀን ነው፣ ቤር ሼቫ ውስጥ እኔንም ልጄንም ያሰሩን። እሷን በኮሪደሩ ማዶ ወዳለው የሴቶች ክፍል ወሰዷት። ስንለያይ ዞር ብላ፣ «አባ፣ አንተን ሳይፈቱ ውሃ በአፌ አይዞርም» አለችኝ። ያለችው በዕብራይስጥ ነው፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል።

ሙቀቱ ያፍናል። ልጄ ደግሞ ኩላሊቷን ታማ ከተነሳች ገና ቅርብ ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ውሃ እንዳታጓድል አስጠንቅቋታል። እሷን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ግትርነቷ በእኔ ወጥቷል። ፈራሁ።

ከምሳው ጋር ለሁላችንም አንድ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ታደለ። ትንሽ ተጎነጨሁና በበሩ ቀዳዳ በኩል የጠርሙሱን አፍ አግድም ነፋሁት። ልጅ ሳለች ለራት የምጠራት እንዲህ ነበር፤ እሷም በራሷ ጠርሙስ ትመልስልኛለች። ውሃው ሲጎድልና አየሩ ሲበዛ ድምፁ እየወፈረ እንደሚሄድ ስንጫወት ነው ያወቅነው።

ከማዶ መልስ መጣ። ቀጭን ነው፣ ፉጨት ያህላል። ደስ አላለኝም፤ ጠርሙሷ አልጎደለም ማለት ነው።

እሷም እንድትጠጣ ምልክት ይሁናት ብዬ ግማሹን ጠጥቼ ነፋሁ። ያው ቀጭኑ መለሰልኝ። ጨርሼ ጠጣሁና እንደገና ነፋሁ።

«ሼኬት! ዝም በል ብያለሁ» አለ ጠባቂው። በሩን ከፍቶ እጁን ዘረጋ። ክዳኑን ገጥሜ ባዶውን ጠርሙስ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ለሰው ዕቃ እንዲያ እየሰጠሁ ነው ያደግሁት፤ እዚያ ስለገባሁ አልተውኩትም። ግራ ገብቶት፣ «ቶዳ» ብሎ አመሰገነኝና ቆለፈብኝ።

ብዙ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ከማዶ ወፍራም ድምፅ መጣ፣ እንደ ላም እምቧታ። መደቡ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሁለታችንም ተፈትተናል፤ ልጄ አሁን ራሞት የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ያን ውሃ ጠጥታው ይሁን እኔን ለማጽናናት ደፍታው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ቤቴ ስትመጣ ግን ውሃ ቀድቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ብርጭቆዋ ሳይጎድል አልነሳም።