አባቴ የታይላንድ ሩዝ የቀመሱ ዕለት

ወንድሜን አልወደውም። ይህን ለማለት ድሮ አፍር ነበር፤ አሁን አላፍርም። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አዲስ አበባ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ቁሐር ሚካኤል የምትባል አገር እንዳለችው ትዝ የሚለው የመሬት ወሬ ሲነሣ ብቻ ነው።

ያን ጊዜም የተነሣው መሬት ነበር። አባታችን ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ከቅዳሴ መልስ ልብሳቸውን ቀይረው የሚያርሱ ገበሬም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያችን የሩዝ ማሳ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከባሌ ተፋትቼ ስመለስ ሌላ መጠጊያ አልነበረኝም። ክረምት ሲገባ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አርማለሁ፤ አልቅት ከእግሬ እየነቀልኩ እጥላለሁ፤ ሩዙ እሸት ሲይዝ ወፍ ስጠብቅ እየጮኽኩ እውላለሁ። የይዞታ ደብተሩ ግን በአባቴ ስም ነው። ወረታ ከተማ ደግሞ እየሰፋች መጥታ ማሳችን ጥግ ደረሰች። ይኼኔ ወንድሜ አባቱ ናፈቁት።

«ለዓይናቸው ሐኪም አግኝቻለሁ፣ ይዘሻቸው ነይ» ብሎ ደወለ። ይዣቸው አዲስ አበባ ገባሁ። ሐኪሙ እንኳ እውነት ነበር፤ ለሚቀጥለው ሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጣቸው። በሁለተኛው ቀን ግን ወንድሜ መኪና ውስጥ አንድ ፖስታ አየሁ። ከፍቼ አነበብኩት። የውክልና ወረቀት ነው፤ ማሳውን የማከራየትም ሆነ ለሌላ የማስተላለፍ ሥልጣን ለእሱ የሚሰጥ። በማግስቱ ጠዋት ሊያስፈርማቸው አስቦ ኖሯል። ስጠይቀው፣ «አንችማ ምን ቸገረሽ፣ እኛ ዘንድ ትኖሪያለሽ» አለኝ። ከነሚስቱ በሚኖርበት ቤት በቆየሁባቸው ሁለት ቀናት ከሰሃን ማጠቢያው አጠገብ አልራቅሁም፤ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል።

ከፊርማው በፊት ግን አባቱን መጋበዝ ፈለገ። የወሰደን አንድ የታይላንድ ምግብ ቤት ነው። ቤቱ የቆየ እንደሆነ፣ ሥራ ከያዘ ጀምሮ ደንበኛቸው እንደሆነ፣ ባለቤቷ በስሙ እንደምትጠራው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ነገረን። ቆይቷልስ ቆይቷል። የወንበሩ ጨርቅ አልቋል፤ ምንጣፉን እግር በልቶታል፤ በሩ ላይ የቆመው የእንጨት ዝሆን ወርቃማ ቀለሙ ተልጦ ጆሮው ነጥቷል። ከወረታ መናኸሪያ ምግብ ቤቶች የሚለየው ጨለማነቱ ነው። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ ሻማ ማብራት ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?

የገና ጾም ነበር። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም፤ እኛም የደረስነው ዘጠኝ ላይ ነው። እኛ አገር ሐይቁ ዳር ያለው ሰው በጾም ዓሣ ይበላል፤ ይፈቀዳል ብሎ የሚከራከርም ሞልቷል። አባቴ ግን በዚህ ቀልድ አያውቁም። ልጆች ሳለን ዓሣ የነካ ቢላዋ ታጥቦ እንኳ በጾም ወደ ማዕዳቸው አይቀርብም ነበር። ይህን ወንድሜም እኔም እኩል እናውቃለን።

አንድ አስተናጋጅ ክንዳቸውን ይዞ እጃቸውን ሊያስታጥባቸው ወሰዳቸው። ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብላ፣ «አባ ጾመኛ ከሆኑ፣ ወጡ ውስጥ የዓሣ መረቅ ይገባል። ያለሱ ይሠራላቸው?» አለችው። ጨዋ ልጅ ናት። ወንድሜ እጁን አወናጨፈ።

«ጣዕሙ ይጠፋል፤ እንዳለ ይምጣ። ትንሽ እኮ ናት፣ አያውቋትም።»

ሰማሁት። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ፈርቼ አይደለም። ይህ ሰው በገዛ እጁ ጉድጓዱን እየቆፈረ ነው፣ ተይው፣ ይቆፍር ብዬ ነው።

ምግቡ መጣ። አባቴ አማትበው ባረኩ። ማንኪያውን ወደ ጎን ትተው ከሩዙ ቆንጠር አደረጉና በጣታቸው አሹት።

«የየት ነው?»

«የታይላንድ ነው አባየ። በመርከብ ነው የሚመጣው።»

«በመርከብ! የወረታ ሩዝ ምን ሆነና? ታሞ ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። ጠረጴዛችን አጠገብ ለቆመችው ባለቤት በእንግሊዝኛ ተረጎመላት፤ እሷም ሳቀች። አባቴ በማን እንደተሳቀ አልገባቸውም፤ አብረው ሳቁ። ያን ሳቅ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ወጡን ወደዱት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው፤ ሰሃኑን ጠርገው በሉ። «የጾም ወጥ እንዲህ ሲጣፍጥ አላየሁም፤ እግዜር ይስጥልኝ ልጀ» ብለው ወንድሜን አጎረሱት። ለእኔም ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። ምንም አልቀመስኩም ነበር።

ሰሃኑ እንደተነሣ ፖስታው ወጣ።

«ነገ ጠዋት አንድ ፊርማ አለችን፣ አባየ። በማሳው ጣጣ እርስዎ እንዳይንገላቱ ነው።»

«እሷስ?» አሉ ወደኔ ዞረው።

«እሷማ ተስማምታለች።»

ይኼኔ ተናገርኩ። «አባየ፣ የበሉት ወጥ የዓሣ መረቅ አለበት። አስተናጋጇ ነግራው ነበር። እንዳለ ይምጣ ያላት እሱ ነው።»

አባቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እውነት ነው?» አሉት።

«ትንሽ እኮ ናት አባየ፤ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ...»

«እውነት ነው ወይ ነው የምልህ።»

«እውነት ነው።»

«እንግዲህ በአፌ በገባው እንዲህ ካደረግኸኝ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?» ብለው ፖስታውን በመዳፋቸው ወደሱ ገፉት። ደስ አለኝ። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታወቅ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በደከመ ዓይናቸው እኔን ፈለጉኝ። «አንችስ መቸ አወቅሽ፣ ልጀ?»

«አሁን ነው አባየ። ልጅቱ ሰሃን ስታነሣ ነው የነገረችኝ።»

«ውሸቷን ነው! ሳዝ እዚሁ አጠገቤ ነበረች!» አለ ወንድሜ። አባቴ መዳፋቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። እውነት ቢናገርም የማይታመንበት ሰዓት ላይ ደርሶ ነበር።

የሰኞው የዓይን ቀጠሮ ቀረ፤ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረን ተመለስን። አባቴ ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ። ለገና መቅደስ አልገቡም፤ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው እንደ ማንኛውም ምእመን አስቀደሱ። ሰው ምን ሆኑ ብሎ ሲጠይቃቸው «ሳላውቅ በድዬ ነው» ይሉ ነበር። ክንዳቸውን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ሲሉ እሰማለሁ።

በጥር እኔኑ ምሪኝ ብለው ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊው ማሳውን ለማን እንደሚያወርሱ ጠየቃቸው።

«ላልዋሸችኝ ልጀ» አሉ።

ጸሐፊው የእኔን ስም ጽፎ ደብተሩን ዘረጋልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።