በዘይነባ ስም ፋንታ

የማኅበራችን ጉባኤ ምን እንዳደረግኩ ሰምቷል። ለምን እንዳደረግኩት ግን ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልናዘዝ።

መሐል ሜዳ ከተማ ሞባይልና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ድሮ እኛ ጠጋኞች ሙያችንን እርስ በርስ እንደባበቅ ነበር። እኔን ያቃተኝን ስልክ የጎረቤት ከተማ የዘመሮው ባለሙያ ሊያድነው ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን «አልቆለታል» ብዬ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ከቆላ መጥታ ከጎኔ ሱቅ የከፈተችው ዘይነባ ናት «ማኅበር እናቋቁም» ያለችው። ራቤል ድረስ በሚኒባስ እየተመላለሰች ጠጋኞቹን አንድ በአንድ አሳመነች። መተዳደሪያ ደንቡንም በእጇ ጻፈች። በምዝገባው ቀን እናቷ ስለታመሙባት ወረቀቱን ደብረ ብርሃን እንዳደርስ ለእኔ ሰጠችኝ። አመነችኝ።

መዝጋቢው «መሥራቹ ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እኔ! ማን አስገደደኝ? በመሥራችነት የእኔን ስም ብቻ አስመዝግቤ የእሷን አስቀረሁ። ተመልሼም «በአካል ያልቀረበ አይመዘገብም አሉ» ብዬ ዋሸኋት።

ማኅበሩ አደገ። ማሠልጠኛ ከፈትን፤ ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ ባለሙያ አወጣን። ድሮ የተበላሸ ስልክ ከእኛ ወደ ደብረ ብርሃን ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ ይመጣል! ከሁላችን በላይ ያስተማረችው ዘይነባ ናት፤ ከሁላችን በላይ የተመሰገንኩት እኔ።

ዘንድሮ የማኅበሩን ታሪክ ጻፍ ተባልኩ። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ሱቋ ሄጄ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ መበየጃዋን እንደያዘች። «ይዘህ የመጣኸውን የምዝገባ ወረቀት ኮፒ ያደረግኩልህ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያኔ ብንጣላ ማኅበሩ ይፈርስ ነበር። አሁን አይፈርስም። በል፣ አንተው ተነሥተህ ተናገር።»

ቅዳሜ በጉባኤው ፊት ተናገርኩ። ከዚያ የራቤሉ አንጋፋ ጠጋኝ ጋሽ ተፈራ ብድግ ብለው «ዘይነባ፣ ልጄ፣ ነይ ወደ ፊት!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። እዚያው ሊቀመንበር አድርገን መረጥናት። በታሪኩ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ስሟ ታትሟል፤ ብቻውን፣ ጎላ ብሎ።

ለእኔም አጨበጨቡልኝ። «ጀግና ነህ» ያለኝም አለ። አይደለሁም። ስሟን ያስቀረሁት ቸኩዬ ወይም ተሳስቼ አይደለም። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ከእኔ አለመምጣቱ አንገበገበኝ። ፈለግኩት፤ ወሰድኩት። ዘይነባ ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን ማመካኛ የለኝም።