የነፍስ አባቴ ቀኝ እጅ

ባለፈው ዓመት ኩላሊት የተተከለለት የእህቴ ልጅ ክንዱ ላይ አልድን ያለ ፈንገስ ወጣበት። ሐኪሙ፣ የተተከለውን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚወስደው መድኃኒት የቆዳውንም መከላከያ እንዳዳከመበት አስረዳን። ሌሎቹ አዲስ ነገር ሰምተው ይደነቃሉ። እኔ አፈርሁ፤ ሰበብ ፈጥሬ ከክፍሉ ወጣሁ። የዚያ መድኃኒት ዘመድ የሆነ ቅባት በሰው እጅ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጎረቤላ ላይ አይቼዋለሁ። የቀባሁትም እኔ ነኝ።

ያኔ የጎረቤላ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መድኃኒት ሰጪ፣ ነበርሁ። ነጭ ጋወን ለብሼ ልቤ አብጦ ነበር፤ "ዶክተር" ብለው ሲጠሩኝ አላርማቸውም። በየሦስት ወሩ ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ሐኪም አንዲት አዲስ የቅባት ቱቦ ሰጠኝና ለችፌ ብቻ እንደሆነች፣ ጭርት ግን ፈንገስ ስለሆነ እሱ ላይ እንዳላደርጋት ነገረኝ። እሺ አልሁት እንጂ ልብ ብዬ አልሰማሁትም።

የነፍስ አባቴ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ ሳንቲም የምታህል ጭርት ይዘው መጡ። ለጭርት የሚሆን የተለመደ ቅባት ነበረን፤ ያቃጥላል፣ ይሸታል፣ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ግን ቶሎ ሽሮላቸው እንዲያመሰግኑኝ ፈለግሁ፤ አዲሲቱን ቀባኋቸው። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ተወ፣ መቅላቱም ጠፋ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ መረቁኝ፤ እንዴት ያለ ኩራት እንደተሰማኝ አልረሳውም።

በወሩ ጭርቱ ወደ ክንዳቸው ወጣ። እኔም ቅባቷን ጨመርሁላቸው። ቆዳቸው ሳስቶ ይሰነጠቅ፣ ይደማም ጀመር። ደም የሚፈሰው ካህን ደግሞ መቅደስ አይገባም። ሠላሳ ዓመት የቀደሱ ሰው ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆመው ማስቀደስ ያዙ።

ሐኪሙ ሲመጣ ያደረግሁትን ነገርሁት። አልጮኸብኝም፤ ጭርቱን ስትቀልበው ከርመሃል አለኝና የድሮውን ቅባት አዘዘ።

ጥፋቴን ልነግራቸው ቆርጬ ቅባቱን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ከወንድማቸው ጋር በመሬት ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ሁለት ፋሲካ መቀደሳቸውን አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። እኔ የምናዘዝላቸው ሰው ለእኔ ተናዘዙ።

"እጄን የመታኝ እግዜር ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "እንግዲህ ቢድንም መቅደስ አልገባም።"

ቅባቷ ናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ አገሩ ሁሉ ምን ይለኛል የሚለው አሸነፈኝ።

"እግዜር ይማርዎት፣ አባቴ" አልኋቸው። እጃቸውን ተቀብዬ መቀባት ጀመርሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም።

በሁለት ወር እጃቸው ጸዳ። ከወንድማቸውም ታረቁ። ሰው ሁሉ አሁንስ ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ፤ እሳቸው በቃላቸው ጸኑ፤ ደብሩም ከመዘዞ ሌላ ካህን አስመጣ። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። እስኪሞቱ ድረስ እሑድ እሑድ ውጭ ቆመው አገኛቸው ነበር። አጠገባቸው ላለው ሰው "ይኸውላችሁ፣ እጄን ያዳነልኝ ልጄ" ይሉና ያሳዩኛል፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ያንን እጅ ስሜ አልፋለሁ።