ስም ያልተጻፈለት ኮከብ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰው ቤት ውስጥ አያስተኛም። ከራት በኋላ አልጋችንን ወደ ግቢ አውጥተን ጋደም እንላለን። ባሌ ግን መተኛቱን ትቶ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። የሳይንስ መምህር ነበር፤ እኔም እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። "ይኼን አየሽው? ያንንስ?" ይለኛል። "እባክህ ኮከቡን ተወውና ትንኙን አባርርልኝ!" እለዋለሁ። ይስቃል። ያንን ጊዜ ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚያንገበግበኝ ሳቁ ነው።

ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው። ርዕሰ መምህሩ የአዳራሹን ግድግዳ አሳይቶ ለተማሪ የሚጠቅም ነገር ሳልበት አለው። እንግዲህ የሚሳል ጠፍቶ ነው? እሱ ሰማይ ካልሳልኩ አለ። ግድግዳውን ሰማያዊ ቀባው፣ ኮከቦቹን በነጭ ቀለም ነጠብጣብ አደረጋቸው፣ ከእያንዳንዱ ሥር ስሙን ጻፈ። በስተደቡብ ዝቅ ብሎ የሚታየው ደማቁ ኮከብ ላይ ሲደርስ ብሩሹ ቆመ።

ሁለት መጽሐፍ ነበረው። የንጉሡ ዘመን ማኅተም ያረፈበት አሮጌው መጽሐፍ ኮከቡን "አልፋ አርጉስ" ይለዋል። የመርከቡ አንደኛ ኮከብ እንደ ማለት ነው፤ የድሮ ሰዎች እነዚያን ኮከቦች አንድ ላይ ሲያዩዋቸው ትልቅ መርከብ ይመስሏቸው ነበር። ኋላ ሊቃውንቱ መርከቡ በጣም ሰፋ ብለው ለሦስት ቆራረጡትና ስሙም ተለወጠ። ስለዚህ አሜሪካኖች ትተውት የሄዱት አዲሱ መጽሐፍ "አልፋ ካሪኔ" ይላል። የአገራችን የቀወት ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም ጉዳይ የለውም፤ ለሱ በዓረብኛው ሱሀይል ነው፣ አባቱም ሱሀይል ነው ያሉት።

"አሮጌውን ብጽፍ ፊውዳል፣ አዲሱን ብጽፍ ኢምፔሪያሊስት፣ ሱሀይል ብል ደግሞ ሃይማኖት ሰበክህ ይሉኛል" አለኝ መሰላል ላይ ቆሞ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከዚያ ባነሰ ነገር የተወሰደ መምህር አውቃለሁ።

"ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል! አንዱን ጻፍና ውረድ" አልኩት።

"የለም፣ ባዶውን ይቅር። ዝም አይነቅዝም" ብሎ ወረደ።

ቅዳሜ የውይይት ክበብ ነበር። ካድሬው ገና እንደገባ ግድግዳውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ አነበበና ባዶው ላይ ቆመ።

"የዚህስ ስም የታለ?"

"ስሙ ላይ መጻሕፍቱ አልተስማሙም፣ ጓድ" አለ ባሌ።

"ትንንሾቹ ሁሉ ስም አላቸው። ከሁሉ የደመቀው ለምን ተደበቀ?"

ባሌ፣ የዋህ፣ ላስረዳ ብሎ ሦስቱንም ስም ተራ በተራ ነገረው። ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ብዙ ስም የነበረው ማን ነበር? በህቡዕ የሚሠራው፣ ፖሊስ የሚያድነው ነዋ። ካድሬው ዓይኑ በራ። "ኮከብ ሦስት ስም ምን ያደርግለታል? ይኼ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ትነግረናለህ" አለው። ከዚያው ከአዳራሹ ወሰዱት፤ እጁ ላይ ያለውን ቀለም እንኳ አልታጠበም።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ምግብ ይዤ ተመላለስኩ። አጣዬ ነው ሲሉኝ አጣዬ ሄድኩ፤ እዚህ የለም አሉኝ። ማታ ስሙ ተጠርቶ የወጣ እስረኛ አይመለስም ሲባልም ሰማሁ። እግዜርንም ሰውንም ለመንኩ። የክበቡ ሰዎች ደግሞ በዚያ መሐል እጃቸውን አውጥተው በሙሉ ድምፅ ኮከቡን "የጭቁኖች ኮከብ" ብለው ሰየሙት፤ በቀይ ቀለም ጻፉለት። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? በንዴት አለቀስኩ።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው ሲታጨድ ፈቱት። እልል አልኩ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግባ እስኪሉት እየጠበቀ። በገዛ ቤቱ! "ሽሮ ልሥራልህ ምስር?" ስለው "እንዳልሽ" ይላል። "ምን አሉህ? ምን አደረጉህ?" ስለው "ደህና ነኝ" ይላል። ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀው ግን "መጽሐፉ ላይ ያለውን ያዙ" ብሎ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል። ማታ አልጋውን ወደ ግቢ ሳወጣ እሱ ከዚያ ሙቀት ጋር ቤት ውስጥ ይቀራል። ሰው ሞቶ ቢሆን አልቅሼ፣ ቀብሬ፣ እርሜን አወጣ ነበር። በቁሙ ያለ ባል እንዴት ይለቀሳል?

ልጅ ስጸንስ ይመለስልኛል አልኩ። ብቻዬን ተስፋ አደረግሁ። ሴት ወለድኩ። አራስ ቤት ገብቶ አቀፋት፤ ከተፈታ ወዲህ ያን ቀን ነው እንባውን ያየሁት። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ መጣልኝ አልኩ።

"በል እንግዲህ፣ አንተ ነህ አባቷ፣ ስም አውጣላት" አልኩት።

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ልጅቷን ደረቱ ላይ ልጥፍ አድርጎ በሹክሹክታ "ትቆይ" አለኝ፤ "ስም ካላት ይጠሯታል።"