ሌላ ዜማ የማያውቀው ሣጥን

ባለፈው ሐምሌ ስልኬ አልሞላ ብሎኝ ሰቆጣ ገበያው አጠገብ ካለች የስልክ መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ልጅ የስልኬን ሆድ ከፍቶ የጋለውን መበየጃ ሲያስጠጋ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ። ሊድና ሙጫ አብረው ሲቀልጡ የሚሸተው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ባንኮኒውን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ፤ አፌም መረረኝ።

ሱቋን አውቃታለሁ። በልጅነቴ የአያ በሪሁን የሬዲዮ መጠገኛ ነበረች፤ ልጁም የእህታቸው ልጅ ነው። እሳቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀብራቸው አልሄድኩም። በእኛ አገር ከቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቄ ነው የቀረሁት።

አያ በሪሁን ወታደር ቤት ሳሉ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ ይዘውት የመጡት ሙያቸውንና አንድ ደህና ጆሮ ነው፤ ግራው አይሰማም። አጭር፣ ቁጡ መሳይ ሰው ነበሩ፤ ከካኪ ኮታቸው የደረት ኪስ ካቻቢቴ አይጠፋም። ከአበርገሌ ሁለት ቀን ተጉዘው የሚመጡ ሰዎች ሬዲዮናቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ሕፃን ታቅፈው ያመጡላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ክዳኑን እንኳ ሳይፈቱ የባትሪ ድንጋዮቹን ያወጡና ደጃፋቸው ካለው ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ ፀሐይ ያስመቷቸዋል። "ሬዲዮህ ደኅና ነው፤ የደከመው ድንጋዩ ነው" ይላሉ። የአገሩ ባትሪ ድንጋይ ሁሉ እዚያ ተደርድሮ እንደ ሰንበቴ ሽማግሌ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ ጎራ ማለት አበዛሁ። ትምህርት ቤት ለክረምት ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ከባንኮኒው ሥር አንድ ሣጥን አወጡ። እንጨቱ የተሰበረ የትምህርት ቤት ዴስክ ነው፤ ፊቱ ላይ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ አምስት ምላሶች ተመትተውበታል። ከምላሶቹ በላይ ከሞቱ ሬዲዮዎች የተነቀሉ አምስት ማዞሪያዎች አሉ። ሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ምስማር አንሥተው አንዱን ምላስ ነካ ሲያደርጉት ሣጥኑ ጮኸ። ጣቢያ የጠፋበት ሬዲዮ ይመስላል፤ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ትንፋሽ የማያጥረው ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ሰውነቴን ወረረኝ።

"ይድገሙት እስቲ!"

"ነፍስ አለው፤ ቅኝት ነው የጎደለው" አሉኝ። "እኔ በዚህ ጆሮዬ አልችልም። አንቺ ታወጪልኛለሽ።"

የነሐሴው የልጃገረዶች በዓላችን ሻደይ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በእኛ ጊዜ በዚያ ሰሞን የየሰፈሩ ልጃገረዶች ለብቻችን ተደብቀን እንለማመድ ነበር፤ የዓመቱ አዲስ ዜማ እስከ ዕለቱ ድረስ ከቡድኑ አይወጣም። የዚያን ዓመቱን ዜማ ያወጣችው የልብ ጓደኛዬ ብርዛፍ ናት። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ነው ያወጣችው፣ ውሃ ስትቀዳ። ከድምፆቹ አንዷ ከለመድነው ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ልናቀናት ብንል ብርዛፍ "ንኳትና!" ብላ ትቆጣን ነበር። ዜማውን የእሷ የምታደርገው ያቺ ድምፅ ነበረች። ብርዛፍ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በዓሉ እንዳለፈ ከአክስቷ ጋር ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስለነበር የመጨረሻ ሻደይዋ ነው። ቤታችን ውስጥ እንኳ እንዳናንጎራጉረው ሁላችንም ተማምለናል።

እኔ ግን ዜማውን ለአያ በሪሁን ሰጠሁ። አስቀድሜ አስምያቸዋለሁ። "ለማንም አይሰማም፤ የሻደይ ዕለት ሣጥኑ ከእናንተ ጋር ይዞራል። ሚካኤልን!" አሉኝ። የማንም ሰፈር ያላየውን ነገር ይዘን ስንወጣ የብርዛፍ ፊት ምን እንደሚመስል እያሰብኩ አመንኳቸው።

አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እኔ አንዱን ድምፅ ይዤ እቆያለሁ፤ እሳቸው ደህናውን ጆሮ ወደኔ ሰጥተው ማዞሪያውን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። ሣጥኑ ከድምፄ ጋር ሲገጥም እጄን አነሣና "እዚያው!" እላለሁ። ያን ጊዜ ከማዞሪያው እስከ እንጨቱ በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰምሩበታል። ቀለሙን የተዋስኩት ከብርዛፍ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። "መቃኛዬ" ይሉኝ ጀመር። ቤታችን ስምንት ልጆች ነበርን፤ አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ድምፄን ሲያዳምጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እወዳቸው ነበር፤ አሁንም አልክደውም።

የሻደይ ዕለት ጠዋት ሱቁ ዝግ ነበር። አሟቸው ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ። አደባባዩ ስንደርስ ለእንግዶች ድንኳን ተተክሏል፤ ተፎካካሪዎቻችን የላይ ሰፈር ልጆች የድምፅ ማጉያው ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው አያ በሪሁን አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ምስማሩ ምላሱን ሲነካ የመጀመሪያውን ድምፅ አወቅሁት፤ የኔ ነው። የብርዛፍ ዜማ ተከተለ፤ ከነዝቅታው፣ በላይ ሰፈር ልጆች ግጥም። አደባባዩ በእልልታ ተናጋ።

ብርዛፍ አላለቀሰችም። ጭፈራው ሲያበቃ ወደ ሣጥኑ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ቀያዮቹን መስመሮች አየች፤ የራሷን ጥፍር አየች። ከዚያ እኔን።

"አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከወገቧ የታሰረውን የሻደይ ቅጠል ፈትታ መሬት ጣለችና ሄደች። በሳምንቱ ስትሳፈር አውቶቡሱ ድረስ ሄጄ ነበር፤ በመስኮቱ አላየችኝም፣ ወይም አላየሁም አለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።

ከበዓሉ በማግስቱ ሱቁ ሄጄ "ምን አድርጌዎት ነው?" አልኳቸው።

ከሥራቸው ቀና አላሉም። "እንግዶቹ ፊት የሚዘፍኑት የላይ ሰፈር ልጆች ናቸው ተባለ" አሉኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሳስጮህ ኖርኩ። አንድ ቀን የራሴ ይሰማልኝ አልኩ።"

"ታዲያ የእነሱን ዜማ አይጫወቱም?"

"ሌላ ዜማ አያውቅማ!" አሉ ጮክ ብለው። "የቃኘሽው አንቺ ነሽ። ምን ላድርግ?"

ጥፋቱ ሁሉ የኔ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ቤቴ ሬዲዮ ልቀንስ ማዞሪያውን ስይዝ እጄ እዚያው ቀረ። ማዞሪያ እኮ ይዞራል። ከላይ ሰፈር አንዷን ልጅ አስቀምጠው እንደኔ ማድመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። አልደከሙበትም፤ የኔ ተቃኝቶ ተቀምጦ ነበራ። መካዳቸው ሳያንስ ዋሽተው አሰናበቱኝ፤ እኔም ውሸቱን አምኜ ያን ሁሉ ዓመት ራሴን ስረግም ኖርኩ። ከቀብራቸው ያስቀረኝ ይሄ ነው።

ጠጋኙ ልጅ ስልኬን ገጥሞ ሲያበቃ ከመደርደሪያው አናት አንድ ነገር አወረደ።

"አጎቴ የሠሩት ነው" አለኝ። "ለዘንድሮ ሻደይ እንደገና ልቃኘው ብዬ ነበር፤ እምቢ አለኝ።"

የዴስኩ እንጨት ጠቁሯል፤ ቀዩ መስመር የዛገ መስሏል። አዲስ ድንጋይ አስገብቶበት ነበር። ምስማሩን አንሥቼ የመጀመሪያውን ምላስ ነካሁት። በለሆሳስ አብሬው ልወጣ ሞከርኩ፤ ድምፄ አሁን እዚያ አይደርስም። ያን ጊዜ ንዴቴ ገንፍሎ መጣ። ዜማው ዳግመኛ አደባባይ አይወጣም ብዬ ማዞሪያውን ጨብጬ ጠመዘዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አምስቱም እግራቸው ላይ በሊድ ተበይደዋል። ጥንቃቄ የበዛበት፣ ወፍራም ብየዳ ነው።

"መቼ ነው እንዲህ ያደረጉት?"

"ድሮ ነው። እናቴ እንደምትለው አደባባይ በተጫወቱበት ሻደይ፣ በዚያው ሳምንት። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላስነኩም፤ ራሳቸውም ነክተውት አያውቁም።"

ብየዳው ይቅርታ መጠየቂያቸው ከሆነ ቤታችን ከሱቃቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ መምጣት ይችሉ ነበር። አልመጡም። ይቅር ብያቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ፤ አንድ ውሸት ለሁለታችንም ይበቃል። ከመውጣቴ በፊት ግን አምስቱንም በተራ ነካኋቸው። ዝቅ የምትለው የብርዛፍ ድምፅ ሳትዛነፍ ቦታዋ ላይ አለች። ሣጥኑ አሁን በእርግጥ ሌላ ዜማ አያውቅም።