ያልተሳፈርንበት ካሚዮን

የልጅ ልጄ ሰሚራ ከባሏ ጋር ዛንዚባር ልትሄድ ነው። ትናንት አጠገቤ ተቀምጣ ወጪ የሚያስቀንስ የመንገድ ምክር ከጋዜጣ ታነብልኝ ነበር፦ በግርግር ወቅት አትሂዱ፤ የአገሬው ሰው ከሚበላበት ብሉ፤ ውሃችሁን ይዛችሁ ውጡ። እሷ ስታነብ እኔ አማቴን እትዬ ዘይነባን አሰብኩ። ይህን ሁሉ በጣሊያን ጊዜ ከማጀቴ ጣርማ በር ስንሄድ ከእሳቸው ተምሬው ነበር።

ያኔ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌን ይመርን ጣሊያኖች ለጣርማ በር ተራራ መንገድ ሥራ ወስደውታል። ከዚያ የተመለሰ ጎረቤት፣ «ንዳድ ይዞታል፤ ሰው ቢደርስለት ደግ ነው» አለን። እትዬ ዘይነባ በማግስቱ በሶ በቅቤ አሽተው ጭኮ ሠርተው፣ ቅሉን ውሃ ሞልተው፣ የነበረቻቸውን አንዲት ጠገራ ብር ለልጃቸው መድኃኒት መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯትና ተነሳን።

«ቆላ በማለዳ ነው የሚያልቀው» ይሉኛል። ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን፤ ፀሐይ ስትበረታ ሾላ ጥላ ሥር እናርፋለን። ኅዳር ስለነበር ማሽላው ደርሷል። ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁ ገበሬዎች ጥንቅሽ እየቆረጡ ይሰጡናል፤ እሱን እየመጠጥን ውሃችንን እንቆጥባለን። አጣዬ ስንደርስ ገበያው ደርቶ፣ የጥብስ ሽታ ወደ መንገድ ዳሩ ሻጭ ሳበኝ።

«ከመንገድ ዳር አይገዛም፤ መስጊድ አጠገብ ያለ ቤት ይጠየቃል» አሉኝ።

እውነትም አንዲት ሴት «ቢስሚላህ በሉ» ብላ ንፍሮ አቀረበችልን። ጭኮውን ግን እትዬ ዘይነባ አላስነኩኝም፤ የይመር ነው። እኔም አልከፋኝም። ባሌን ላገኝ ነውና እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር።

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ካሚዮን ሽቅብ ሊወጣ ተነስቷል። ረዳቱ የአገር ልጅ ነበር።

«እናቴ፣ ለማታ ጣርማ በር እንገባለን። አንድ ብር ካለዎት ሁለታችሁንም ልጫናችሁ።»

እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሄደ። ቋጠሮዋን ጨብጠው ቆሙ፤ ዓይኔን አዩ፤ መልሰው መኪናውን አዩ።

«ታዲያ ለልጄ ምን ይዤ ልደርስ ነው? በእግራችን እንወጣለን» አሉት።

ካሚዮኑ አቧራ አልብሶን ሄደ።

ሽቅቡ ከበደን። እግራቸው አብጦ ደብረ ሲና አጠገብ አርፈን ዋልን። ካሚዮኑ በሄደ በአራተኛው ቀን ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰይድ የሚባል የማጀቴ ልጅ ከሠራተኞቹ መሃል ሲያየን ዶማውን ጣለ።

«ይመርስ?» አሉት እትዬ ዘይነባ።

«እናቴ… ትናንት ጠዋት ቀበርነው። አላህ ይዘንለት።»

ሰይድ መቃብሩ ዘንድ ወሰደን፤ ድንጋዩን በእጃቸው እየዳሰሱ ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ ጭኮውን ፈትተው አብረውት የሠሩትን ልጆች በየተራ አጎረሷቸው። «ብሉልኝ፤ የልጄ ነው» ይላሉ። እኔንም አጎረሱኝ። ቅቤው አፌ ውስጥ ቀለጠ።

ማጀቴ ከተመለስን በኋላ ወገኖቼ ሊወስዱኝ ሲመጡ፣ እትዬ ዘይነባ «ወንዱን አጥቻለሁ፤ ሴቷን እናንተ አትውሰዱብኝ» ብለው ለመኗቸው። አብሬያቸው ቀረሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላም እንደ ልጃቸው ዳሩኝ። ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ እህል ስናበጥር ወይም ዝም ብለን ስንቀመጥ፣ ሳላስበው ይጠይቁኛል።

«ፋጤ፣ በዚያ ካሚዮን ሄደን ቢሆን በሕይወቱ እንደርስበት ነበር?»

«አጀሉ ነው እትዬ፤ ቀኑ ደርሶ ነው። አንደርስም ነበር።»

እንደርስ ነበር። እሳቸውም ያውቁታል።

ሰሚራ ጋዜጣዋን አጣጥፋ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ሄደች፤ ደስታዋን እንዳላደበዝዝ ምንም አልነገርኳት። እትዬ ዘይነባን ግን አልፈርድባቸውም። ለልጃቸው ሌላ የሚሰጡት ስላልነበራቸው ረሃባቸውንና እግራቸውን ሰጡት። አሁን ያን መንገድ የሚያስታውስ ከእኔ በቀር የለም። ከመቃብር ተነስተው ዛሬ ቢጠይቁኝም፣ መልሴ ያው ነው፤ አንደርስም ነበር እላቸዋለሁ።